የግሬይ ሾልስ ለቅሶ

ማዘንጊያ ግሬይ ሾልስን በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር። ያም ሆኖ የትኛው ቤት የኋላ ደረጃው እንደሚወዛወዝ፣ የትኛው ሻወር ሙቅ ውኃ እስኪያመጣ አራት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ፣ የትኛው በር ከፍ አድርገው ካልገፉት እንደማይከፈት ከመንደሩ ተወላጅ ባልተናነሰ ታውቃለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮሎምበስ ከተማ፣ ፖላሪስ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ የዚያን መንደር ቤቶች ለእረፍት የሚከራዩ ሰዎችን ስልክ ስታነሣ ኖራለች።

መንደሩ ኖርዝ ካሮላይና ጠረፍ ላይ ነው። ከኮሎምበስ በመኪና አሥር አሥራ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። በአንድ ጎኑ ውቅያኖስ፣ በሌላው ጎኑ ጸጥ ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ መሐል ለመሐል አንድ አስፋልት። ክረምት ከበጋ የሚኖሩበት ሰዎች ሦስት መቶ አይሞሉም። ስሙ የተጠራው በማዕበሉ ነው። ወደ ባሕሩ ዘልቆ የገባ ረጅም የእንጨት ድልድይ አለ፤ ከእሱ በስተግራ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይነሣና ሳይቸኩል ይሰበራል ይባላል። ለዚህ ሲሉ ሰርፈሮች፣ ሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡት ሰዎች፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር ይመጣሉ።

ይህን ሁሉ ለማዘንጊያ የነገረቻት ሚስ ሎሬይን ናት። ሎሬይን የመንደሩ ተወላጅ ናት፤ ዕድሜዋ ወደ ሰባው ተጠግቷል። የሚከራዩትን ቤቶች የሚያጸዱትን ሠራተኞች የምትመራው እሷ ስትሆን፣ በየጠዋቱ እየደወለች ማዘንጊያን ታስመዘግባለች።

"ቁጥር ሰባት አልቋል። ቁጥር አሥራ አንድ ሁለት ፎጣ ጎድሎታል። ሠላሳ ሁለት ትንሽ ይዘገያል። ዛሬ ማዕበሉ ጥሩ ነው፤ የጽዳት ልጆቼ ባሕር ውስጥ ናቸው። ጸጉራቸው ሳይደርቅ ይመጣሉ።"

"ለእንግዶቹ ምን ልበላቸው?" ትላለች ማዘንጊያ።

"ቤቱ እየተጸዳ ነው በያቸው። ውሸት አይደለም፤ ሐሳቡ አለ።"

ከዝርዝሩ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያወራሉ። ሎሬይን ስለ ባሏ ስለ ዴል ታወራለች። ዴል ከቤቱ ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት የተሰበሩ ሰሌዳዎች ይጠግናል፤ ጠዋት ወጥቶ ባሕሩን ሳያይ ቁርስ አይቀምስም። ማዘንጊያም ስለ ገብረየስ ታወራለች። ኒው አልባኒ ውስጥ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ቤት ውስጥ የተበላሸውን ሁሉ በፕላስተር እያሰረ "ተሠራ" ይላል። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ሳይተዋወቁ አንዷ የሌላዋን ባል ዓመል አወቀች።

ማዘንጊያ ደሴ ተወልዳ፣ ናይሮቢ አራት ዓመት በስደት ኖራ፣ እዚያው ገብረየስን አግብታ ኮሎምበስ የገባች ሴት ናት። መጀመሪያ ሆቴል አልጋ አነጠፈች፤ ቀጥሎ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ሠራች። ድምፅዋ የረጋ ስለሆነ አንዲት አለቃ "አንቺማ ስልክ ላይ ነው መቀመጥ ያለብሽ" አለቻትና በዚያው ቀረች። ከተማው ዳር፣ ሂሊያርድ ቤት ገዙ። ሰምሀል የሚሏት አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች፤ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

ይህ እንግዲህ እስከ ፌብሩዋሪ የነበረው ሕይወቷ ነው።

በዚያ ፌብሩዋሪ አንድ ቀን በረዶ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። መንገዱ ስለተዘጋ ማዘንጊያ ከቤት ሆና ነበር የምትሠራው። ጠረጴዛዋ ሳሎን ጥግ ነው፤ ጀርባዋን ለመስኮቱና ለጎን በሩ ሰጥታ ትቀመጣለች። ገብረየስ አካፋውን ይዞ የመኪናውን መውጫ ሊጠርግ ወጣ። እሷ ሄድሴቷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ፔንሲልቬንያ የሚኖር አንድ ሰው ታናግራለች። ሰውየው ለበጋ ቤት ይዟል፤ ስድስት የሰርፍ ሰሌዳ ይዘን እንመጣለን፣ ከቤቱ ሥር ማቆም ይቻላል ወይ፣ ፀሐይ አያበላሽባቸውም ወይ፣ ሌባስ የለም ወይ እያለ ይጠይቃል።

ያን ጊዜ መስኮቱ ተንኳኳ። ሁለቴ፣ በጣት።

ማዘንጊያ ዞር አላለችም። አመልካች ጣቷን ብቻ ወደ ላይ አነሣች፤ ቆይ፣ ማለቷ ነው። ቀጥሎ ብርድ ማጅራቷን ነካት፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ሰውየው ማውራቱን ቀጠለ። እሷም መለሰችለት፤ ከቤቱ ሥር ጥላ አለ፤ ማሰሪያ ሰንሰለት አለ፤ ሌባ ሰምተን አናውቅም። ሰውየው አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። ሄድሴቷን አውልቃ ወደ መስኮቱ ሄደች። አካፋው በረዶው ውስጥ ተሰክቶ ቆሟል። ገብረየስ መኪናው አጠገብ በጎኑ ተኝቷል፤ ኮፍያው ወልቋል።

አምቡላንሱ ቶሎ መጣ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፤ ባንድ ጊዜ ነው የሆነው፤ አጠገቡ ብትቆሚም የምታደርጊው ነገር አልነበረም አለ። ሰምሀል ስትደርስ፣ "ማም፣ አልጠራሽም?" ብላ ጠየቀቻት።

"ስልክ ላይ ነበርኩ" አለች ማዘንጊያ። "አልሰማሁም።"

አልዋሸችም። እውነቱንም አልተናገረችም።

ለቅሶው ላይ እንባ አልመጣላትም። ሰው ቤቱን ሞላው፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሴቶች ወጥ ቤቱን ተረከቡ፤ ወንዶቹ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ሴቶቹ ሁሉ የሚሰሟቸው ትልቅ ሰው፣ አጠገቧ ቁጭ ብለው ጉልበቷን እየዳበሱ "አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይወጣልሽ፤ ውስጥሽ አትቅበሪው" ይሏታል። እሷም "እሺ እትዬ" ትላለች። ግን የሚወጣ ነገር አልነበረም። ሰምሀልን እናቷ ጥርስ ሐኪም ቤት የምታያቸውን ሰዎች አስታወሰቻት። ድዳቸው ማደንዘዣ ተወግቶ ጥርሳቸው ሲነቀል ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያውን ያያሉ፤ መነቀሉን ያውቃሉ፤ ድምፁንም ይሰማሉ፤ በቃ። እንደዚያ ነበር።

ሰልስቱ ወጣ። በሳምንቱ ሥራ ገባች። ሰው ሳያማት አይቀርም፤ አልጠየቀችም። ጠዋት ትነሣለች፤ በሩ አጠገብ ተሰቅሎ የቀረውን የገብረየስን ጃኬት ለብሳ ትወጣለች። ማስታወሻ ይሁነኝ ብላ አይደለም፤ ለእጅ የቀረበው እሱ ስለሆነ ነው። ምሳ በሰዓቱ ትበላለች፤ ምን እንደበላች ማታ ቢጠይቋት አታውቅም። "እንዴት ነሽ?" ሲሏት "ደህና ነኝ" ትላለች። እውነትም የሚያማት ነገር አልነበረም።

ከሎሬይን ፖስታ መጣላት። ካርዱ ላይ "ምን እንደምልሽ አላውቅም። ሎሬይን" ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም። ማዘንጊያ ከመጡላት ካርዶች ሁሉ ሁለቴ ያነበበችው እሱን ብቻ ነው።

አፕሪል ውስጥ ህብረት ጠራቻት። ህብረት ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፕሮቴስታንት ናት፤ ቢሮው ውስጥ ከማዘንጊያ ሌላ ያለች አንዲት ሐበሻ እሷ ናት። ሥራዋ የተቀዱ ስልኮችን መስማት ነው፤ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር አራት አምስት ጥሪ ታወጣና ሠራተኛው እንግዳውን በደንብ አስተናግዷል ወይ ብላ ነጥብ ትሰጣለች። ማዘንጊያን ትንሿ ክፍል ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች።

"እትዬ ማዘንጊያ፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ" አለች። "ልንገራት አልንገራት እያልኩ ስጸልይ ነበር።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ኧረ ምንም አላጠፋሽም። የፌብሩዋሪ ኮል ነው፤ የዚያ ቀን። ሲስተሙ ራሱ ነው መርጦ ያመጣልኝ፤ እኔ ፈልጌው አይደለም። ከጀርባሽ ድምፅ አለ። ሌላ ሰው ቢሰማው ጫጫታ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን አማርኛ እሰማለሁ።"

ማዘንጊያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ህብረት ሄድሴቱን አቀበለቻትና ከፈተችው። የፔንሲልቬንያው ሰውዬ ድምፅ መጣ፤ ስለ ሰሌዳዎቹ ያወራል። መስኮቱ ተንኳኳ፤ ሁለቴ። ቀጥሎ በሩ ሲከፈት ይሰማል፤ ከሰውየው ድምፅ ሥር፣ ራቅ ብሎ፣ የገብረየስ ድምፅ።

"ማዘንጊያ፣ ያ የበረዶው ጨው የት ነው ያለው?"

ሰውየው ማውራቱን አላቋረጠም። ከዚያ ገብረየስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ተዪው፣ ተዪው፣ እፈልገዋለሁ" አለ፤ በሩም ተዘጋ።

"ድገሚልኝ" አለች ማዘንጊያ።

ህብረት ደገመችላት። ሦስተኛም ሰማችው። ድምፁ ላይ ምንም የለበትም፤ አይጣራም፣ አያቃስትም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነው፤ ትንሽ ያለከልካል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊትና ቀን መስኮቱን አንኳክቶ ድረሺልኝ ሲላት ነበር የምትሰማው። እሱ ግን በረዶው እንዲሟሟ የሚነሰነሰውን ጨው ነበር የጠየቃት።

"ጋራዥ ውስጥ ነው" አለች ማዘንጊያ። "ከበሩ ጀርባ፣ ቢጫው ባልዲ ውስጥ።"

ህብረት ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ማዘንጊያ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሳጥን ሶፍት መዝዛ ሰጠቻት፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ጥሩ አደረግሽ" አለቻትና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በዚያ ቀን ሠላሳ አንድ ጥሪ አነሣች። ማታ ለሰምሀል ነገረቻት፤ ጣቷን ማንሣቷን ግን አልነገረቻትም።

"ሶ ሂ ዋዝ ኦኬይ?" አለች ሰምሀል።

"ያን ጊዜ ደህና ነበር።"

ሰምሀል አለቀሰች፤ እናቷን አቅፋ ብዙ አለቀሰች። ማዘንጊያ የልጇን ጀርባ እያሻሸች፣ አሁን ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር ብላ አሰበች። ቀለል አላላት፤ ከበድም አላላት።

በጋው እንዲህ አለፈ። በጋ ለግሬይ ሾልስ ሥራ የሚበዛበት ነው፤ ስልኩ አይተኛም። ኦክቶበር ላይ ቤተሰቦቹ ይሄዱና ሰርፈሮቹ ይቀራሉ፤ ከሩቅ ባሕር ላይ የሚነሣው አውሎ ነፋስ ማዕበሉን የሚያሳምረው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ወር አንድ ጠዋት ሎሬይን እንደ ወትሮዋ ደወለች።

"ቁጥር አራት አልቋል" አለች። "ቁጥር ዘጠኝ አልቋል። ቁጥር አሥራ ስድስት ምጣዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ገዝቻለሁ። ዴል ትናንት ማታ ሞተ። ቁጥር ሃያ ሁለት የበረንዳው አምፖል ይፈልጋል።"

ማዘንጊያ መጻፏን አቆመች። "ሎሬይን፣ ምን አልሽ?"

"የበረንዳው አምፖል" አለች ሎሬይን። ቀጥላም፣ "አዎ። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። ቅዳሜ ሰዎቹ ባሕር ላይ ይሸኙታል። እኔ ደህና ነኝ።"

ማዘንጊያ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ስምንት ወር ሙሉ ከራሷ አፍ ሲወጣ የሰማችው ድምፅ ነው።

የዚያኑ ዕለት ፈቃድ ጠየቀች። ማታ ለሰምሀል "ለቅሶ ልሄድ ነው፤ ንጂልኝ" አለቻት።

"ማም፣ ዩ ኔቨር ሜት ሄር፤ አይተሻት አታውቂም እኮ። ኮል ብታደርጊያት አይበቃም?"

"የናቴን ለቅሶ በስልክ ደረስኩ" አለች ማዘንጊያ። "የወንድሜን በስልክ። የአክስቶቼን በስልክ። ይሄ በመኪና የሚደረስ ነው፤ እሄዳለሁ።"

ሰምሀል ሌላ አልጠየቀችም። ማዘንጊያ ስንዴና ሽምብራ ዘፍዝፋ ንፍሮ ቀቀለች፤ በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ሞላች። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። የዌስት ቨርጂኒያን ተራሮች አቋርጠው፣ ቨርጂኒያን ጨርሰው፣ ሜዳው እየተንጣለለ ሄዶ አየሩ ጨው ጨው መሽተት ሲጀምር ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ጠባቡን አስፋልት ይዘው ገቡ።

ሁሉም ነገር እሷ ለሰው ስትናገርበት በኖረችው ቦታ ላይ ነው። ነዳጅ ማደያው ከመንደሩ መግቢያ ድልድይ ማዶ፤ የሰሌዳ መሸጫው ሱቅ በስተቀኝ፣ በሩ ላይ "ማዕበል አለ፣ ነገ ኑ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት። ቁጥር ሰባት፣ ቁጥር ዘጠኝ። ያላወቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤቶቹ እግር አላቸው። እያንዳንዱ ቤት ረጃጅም ምሰሶ ላይ ቆሟል፤ ባሕሩ ሲቆጣ ከሥር እንዲያልፍ። ዘጠኝ ዓመት ስለ ደረጃቸው ስታወራ ይህን ማንም አልነገራትም፤ ሁሉም ያውቀዋል ብለው ይሆናል።

ሰምሀል መኪናውን አቁማ አሸዋውን ወጡ። ማዘንጊያ ባሕር በቅርብ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች። ማዕበሉ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ይነሣል፣ ይወድቃል። ራቅ ብሎ ጥቋቁር የሰርፈሮች ጭንቅላት ይታያል።

"ዌል?" አለች ሰምሀል።

"ትልቅ ነው" አለች ማዘንጊያ። ከዚያ በላይ ብትፈልግም አላገኘችም። "በይ እንሂድ፣ ይመሽብናል።"

ሎሬይን በሩን ራሷ ከፈተች። ማዘንጊያ በድምፅዋ ረጅም ሴት ነበር የምትጠብቀው፤ ሎሬይን ግን ከማዘንጊያ ደረት አታልፍም፤ ቀጭን፣ ፊቷን ፀሐይ የጠበሰው።

"አንቺ ነሽ?" አለች ሎሬይን።

"እኔ ነኝ።"

ተቃቀፉ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በፎይል የተሸፈኑ ሰባት ስምንት ትሪ ምግቦች ተደርድረዋል። ሰዎች መጥተው፣ አስቀምጠው፣ ምን እንርዳሽ ብለው ሄደዋል። ማዘንጊያ ደነገጠች። ባል የሞተባት ሴት ብቻዋን ቤት ውስጥ! ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሰምሀልም ተቀመጠች። ሎሬይን ቆማ ሰሃን ታጥባለች፣ መልሳ ታጥባለች፣ የታጠበውን ትወለውላለች። አንድ ሰዓት አለፈ።

"ደክሟችኋል" አለች ሎሬይን በመጨረሻ። "ቁጥር አሥራ ሁለት ባዶ ነው፤ አልጋው ተነጥፏል። መሄድ ከፈለጋችሁ አትፈሩኝ።"

"አልሄድም" አለች ማዘንጊያ። "እኛ አገር ለቅሶ ቤት ይቀመጣል።"

"ተቀምጦስ ምን ይደረጋል?"

"ምንም አይደረግም። ይቀመጣል።"

ሎሬይን ፎጣውን ይዛ ትንሽ አየቻት። ከዚያ መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዴል ከሞተ ወዲህ መቀመጧ ያን ጊዜ እንደሆነ በኋላ ለሰምሀል ነገረቻት። ማዘንጊያ የንፍሮውን ዕቃ ከፈተች። ሎሬይን በእጇ ዘግና ቀመሰች፤ ብዙ አኘከች። "ጥሩ ነው" አለች። "ማኘክ የሚፈልግ ምግብ ጥሩ ነው። ሥራ ይሰጣል።"

ቅዳሜ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ዳርቻው ላይ ወጣ። ሰማዩ አመድማ ነው፤ ነፋስ የለም፤ ማዕበሉ ግን ጥሩ እንደሆነ ሰዎቹ ፊት ላይ ያስታውቃል። ስልሳ ሰባ የሚሆኑ ሰርፈሮች ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል፤ ሽማግሌዎች አሉ፣ ሴቶች አሉ፣ ከሎሬይን ሠራተኞች አንድም የቀረ የለም። የእያንዳንዳቸው ሰሌዳ ቢያንስ አንዴ በዴል እጅ ተጠግኗል። የሎሬይን ወንድም የተቃጠለውን የዴልን አስከሬን አመድ በትንሽ ከረጢት አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። አንድ በአንድ ወደ ውኃው ገቡ፤ ማዕበሉን እየሰነጠቁ በእጃቸው ቀዝፈው ወደ ውስጥ ራቁ።

ሎሬይን ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ማዘንጊያ ከጎኗ።

"አንቺ አትገቢም?" አለች ማዘንጊያ።

"እኔ? እኔ ዋና አልችልም። አርባ አንድ ዓመት ከባሕር የማይወጣ ሰው አግብቼ ጉልበቴ ረጥቦ አያውቅም። ውኃው ይበርዳል።"

ከማዕበሉ ወዲያ ሰርፈሮቹ ሰሌዳቸው ላይ ተቀምጠው ትልቅ ክብ ሠሩ፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ። የሎሬይን ወንድም ከረጢቱን ከፍቶ አመዱን ውኃው ላይ በተነው። ከዚያ ድንገት ሁሉም መጮኽ ጀመሩ፤ እልል እንደማለት ያለ ጩኸት፤ ውኃውን በመዳፋቸው እየመቱ ወደ ላይ ይረጫሉ፤ አበባ ይወረውራሉ። ማዘንጊያ ለቅሶ ይሁን ሠርግ ለመለየት ቸገራት። ዳርቻው ላይ ያሉት ሰዎች ያጨበጭባሉ፤ ብዙዎቹም ያለቅሳሉ። ሰምሀል እንኳን፣ ሰውየውን አይታው የማታውቀው፣ በእጅጌዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። ወንበሮቹ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች ብቻ ደረቅ ዓይን ነበራቸው።

"ጠንካራ ነሽ ይሉኛል" አለች ሎሬይን ባሕሩን እያየች። "ጠንካራ አይደለሁም። ምንም የለም። እዚህ ጋ" ደረቷን በጣቷ ነካ አደረገች፣ "እንግዶቹ ለቀው እንደሄዱ ቤት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ያንቺም እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው። ስምንት ወር ሆነኝ።"

"ይመለሳል?"

ማዘንጊያ ይመለሳል ልትላት አፏን ከፈተች። ሰው ሁሉ ለእሷ ያላት ይህንኑ ነው፤ ጊዜ ያሽረዋል፣ እግዚአብሔር ያጽናናሻል። ግን ይህቺ ሴት ዘጠኝ ዓመት እውነት ስትነግራት የኖረች ሴት ናት።

"አላውቅም" አለች። "የማውቀውን ልንገርሽ። ሥራ ይሠራል። እንቅልፍ ይተኛል። ምግብ ይበላል። ሰው ሲያለቅስ ሶፍት ታቀብያለሽ። አያስፈራም። እኔ የምነግርሽ ይሄን ብቻ ነው።"

ሎሬይን ራሷን ነቀነቀች። ሰርፈሮቹ ክባቸውን ፈትተው ተበታትነው ነበር፤ አንዳንዶቹ የመጣውን ማዕበል ይዘው፣ ቆመው፣ ወደ ዳር ይንሸራተታሉ።

"ያን ቀን ጠርቶኝ ነበር" አለች ማዘንጊያ። ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገር እንደምትናገር የገባት ከጀመረች በኋላ ነው። "መስኮቱን አንኳኳ። ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ስለ እናንተ ቤቶች ነው የማወራው። ሳልዞር ጣቴን አነሣሁ። ቆይ አልኩት። የመጨረሻ ያልኩት ቃል እሱ ነው፤ እሱም በጣት።"

 ሎሬይን አይዞሽም አላለችም፣ ጥፋትሽ አይደለምም አላለችም።

"ዴልን በቀን ሃያ ጊዜ ቆይ እለው ነበር" አለች። "አርባ አንድ ዓመት። ትዳር ላይ ከዚያ ሌላ ምን ይባላል?"

ከማዘንጊያ አፍንጫ አጭር ትንፋሽ ወጣ። ሳቅ ለመባል ያነሰ ነገር ነው።

ሰርፈሮቹ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ እየተንቀጠቀጡ ከውኃው ወጡ። ማዘንጊያ ከወንበሯ ተነሥታ፣ ከመኪናው የንፍሮውን ዕቃ አስመጥታ፣ በወረቀት ኩባያ እየሞላች ታድላቸው ጀመር። ሰዎቹ ምግቡን አያውቁትምና ሰምሀል አፈረች፤ "ማም፣ ዴይ ዶንት ኖው ዋት ኢት ኢዝ" እያለች። ሰዎቹ ግን ተቀብለው በሉ። ጺሙ የሸበተ አንድ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ጠየቃት።

"ለቅሶ ላይ የሚበላ ነው" አለችው።

"ጥሩ ነው" አለ። ኩባያውን ዘረጋ፤ ጨመረችለት።

እሑድ ጠዋት ተሰናበቱ። ሎሬይን መኪናው ድረስ ሸኘቻቸው፤ ከዚያ እነሱ ሌሊት ያረፉበትን የቁጥር አሥራ ሁለትን አንሶላ ልትቀይር ደረጃውን ወጣች። በመንገድ ላይ ሰምሀል ነዳች፤ ማዘንጊያ ተኛች። ሰኞ ሥራ ገባች። ሎሬይን ደወለች፤ ቁጥር አራት አልቋል፣ ቁጥር አሥራ ሁለት አልቋል። ከዝርዝሩ በኋላ እንደ ድሮው ሁለት ሦስት ደቂቃ አወሩ። አሁን ስለ ባሎቻቸው አይደለም የሚያወሩት፤ ስለ በሉት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ሰው ስለሚናገረው ነገር ነው።

የገብረየስ ሙት ዓመት ወጣ። ድግሱ አማረ፤ እትዬ ፀሐይወርቅ ራሳቸው ቆመው አስተናገዱ፤ ማዘንጊያም ከእሳቸው ጋር ሰሃን ስታመላልስ ዋለች። በዚያም ቀን አላለቀሰችም፤ የሚጠይቃትም ቀርቷል።

ማርች መጨረሻ ላይ፣ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ወደ ሥራ ስትሄድ ፖላሪስ መግቢያ ቀይ መብራት ያዛት። ሬዲዮ አልተከፈተም። ምንም አላሰበችም፤ የመኪናውን ጎማ ማስቀየር አለብኝ ከሚል በቀር። መንገዱ ሲደበዝዝባት ዝናብ መስሏት የመስታወቱን መጥረጊያ ከፈተች፤ መጥረጊያው ደረቁን መስታወት እያፏጨ ፈተገ። እጇን ወደ ፊቷ ስትሰድ ጉንጯ ረጥቧል። አገጯ ድረስ። ለምን እንደሆነ አላወቀችም፤ አላመማትምም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዋ ያለው ሰው ጥሩምባ ነፋ፤ መጥረጊያውን አጥፍታ ነዳች።